የበያጁ ትከሻ

ኮልፌ አጠና ተራ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታ ነው፤ ገና ውሃው ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ሽታ። ቀጥሎ ትከሻ ታያላችሁ። የአጠናውን አንድ ጫፍ ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ ሰደው፣ ወገቡን ትከሻቸው ላይ አሳርፈው "ዞር በሉ!" እያሉ የሚያልፉ ልጆች አሉ። ጆንያ አጣጥፈው ከሥሩ ያደርጋሉ፤ እንዲያም ሆኖ አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ብሎ የቀረ አይጠፋም። እዚህ ሰፈር ትከሻ ማለት ዕቃ የሚጫንበት ቦታ ነው። ዕቃ ወደ ላይ የሚያነሳ ትከሻ ለማየት ከክምሩ ጀርባ ባለችው ኮረኮንች መንገድ ጥቂት ሄዶ አንድ የቆርቆሮ በር መግፋት ያስፈልጋል።

ጂሟ ጠባብ ናት። መስታወቷ ከአንድ ጥግ ተሰንጥቋል፤ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ምንጣፍ ነው። ከ20 ኪሎ በታች ያሉት ደምቤሎች አብዛኞቹ እዚሁ ሰፈር የተሠሩ ናቸው፤ እጀታቸው ቱቦ፣ ጫፍና ጫፋቸው ላይ የተበየደው ክብ ብረት፣ ኪሎው በነጭ ቀለም በእጅ የተጻፈ። የበየዷቸው ሰውዬ ማታ ማታ ከሥራ ሲወጡ ይመጡና ራሳቸው ይገፏቸዋል። የምጽፈው ስለ እሳቸው ነው፤ እሱም ስለ አንድ እንቅስቃሴያቸው ብቻ። ልጆቹ ባጭሩ "ሾልደር" የሚሉት ነው፦ ሁለት ደምቤል ይዞ ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት።

እኛ አገር ስፖርት ሲባል ዓይናችን የሚሄደው እግር ላይ ነው። አበበ ቢቂላ ራሱ በ1961 ዓ.ም የመኪና አደጋ እግሮቹን ከከለከለው በኋላ፣ በዓመቱ እንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሄዶ በቀስት ውድድር መሳተፉን የሚያስታውስ ስንት ሰው ነው? ሮምን በባዶ እግሩ መሮጡን ግን ሕፃን ልጅም ይነግራችኋል። ስለ ትከሻ የሚጽፍ የለም። እንግዲህ አንድ ሰው ይጻፍ።

ሰውዬው ሃምሳን ሳይዘሉ አይቀሩም። ሱሪያቸው የብየዳ ፍንጣሪ በበሳቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ወፍራም አይደሉም፤ ልብስ ለብሰው መንገድ ላይ ብታገኟቸው ብረት የሚገፉ ሰው አይመስሏችሁም። ሁሉም "ጋሼ" ይላቸዋል። የሚያነሱት በየእጃቸው 14 ኪሎ ነው። አጠገባቸው ያለው ጎረምሳ 24 ያነሳል፤ እያነሳም ያጓራል። ጂሟ ውስጥ የሚታየው እሱ ነው። እኔም የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ያየሁት እሱን ነበር።

ጋሼ የሚጀምሩት ከአግዳሚው ነው። መደገፊያውን ቀጥ አድርገው አያቆሙትም፤ አንዲት ቀዳዳ ወደኋላ ያወርዱታል። ይቺ አንዲት ቀዳዳ ብዙ ትሠራለች፦ መደገፊያው ፍጹም ቀጥ ካለ ብረቱ ወደ ላይ ሲያልፍ ወይ ፊትን ይጠጋል፣ ወይ ሰውዬው ወገቡን ከወንበሩ ነቅሎ ይቀስታል። ይቀመጣሉ። እግራቸውን ሙሉ በሙሉ መሬት ያስረግጣሉ፤ በጫማ ጫፍ የሚቀመጥ ሰው ብረት ሲከብደው እግሩ ይንቀጠቀጣል። ደምቤሎቹን ታፋቸው ላይ፣ ወደ ጉልበታቸው ጠጋ አድርገው ያቆማሉ። ከዚያ በቀኝ ጉልበታቸው ገፋ፣ ቀኙ ትከሻቸው ላይ ደረሰ፤ በግራው ገፋ፣ ግራውም ደረሰ። ጎረምሳው 24ቱን ከመሬት በክንዱ ጎትቶ ነው የሚያመጣው። ገና ሳይጀምር ግማሹን ጉልበት ከፍሏል።

ቀጥሎ ማንም የማያየው ጊዜ ይመጣል፤ ምንም የማይንቀሳቀስበት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ትንፋሽ በነፃ አይገኝም። ጋሼ አንድ ጊዜ በአፍንጫቸው ይስባሉ፤ አየሩ ደረታቸውን ሳይሆን ወገባቸውን ዙሪያውን ሲሞላው ከጎን ይታያል። ሆዳቸው ይጠነክራል። እዚያ ላይ ይይዙታል።

እጀታው መዳፋቸው ላይ የተቀመጠበትን ቦታ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጣቶች ሥር አይደለም፤ ወደ ታች፣ የመዳፍ ተረከዝ ልንለው በምንችለው ወፍራም ሥጋ ላይ፣ ከክንድ አጥንት ትይዩ ነው። ስለዚህ የእጅ አንጓቸው ወደኋላ አይታጠፍም። ግንበኛ ግድግዳ ሲያቆም ቱምቢ ይጥላል፤ በያጅ የበር ፍሬም ሲያቆም ውሃ ልኩን ሳያይ ነጥብ አያሲዝም። የጋሼ ክንድ የተጣለ ቱምቢ ነው፦ ብረቱ ላይ፣ አንጓው ከብረቱ ሥር፣ ክርኑ ከአንጓው ሥር። ከፊት ስታዩት ቀጥ ያለ ነው። ብዙ ሰው መስታወት ፊት ስለሚሠራ ይህን ያሳካል። ከጎን ሲታይ ግን የብዙው ሰው ክንድ ወደኋላ ወድቆ ይገኛል፤ መስታወት ከጎን አያሳይማ። የእሳቸው ከጎንም ቱምቢ ነው።

ክርናቸው ግራና ቀኝ እንደ መስቀል አልተዘረጋም። ወደ ፊት 30 ዲግሪ ያህል ገባ ብሏል። ይህ የልማድ ወይም የምርጫ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ከጀርባችን ግራና ቀኝ ያሉት ሰፋፊዎቹ የትከሻ አጥንቶች ጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል አልተቀመጡም፤ ክብ በሆነው የጎድን አጥንት ላይ ስለተለጠፉ ፊታቸው ትንሽ ወደ ፊት ዞሯል። ክንድም በሰላም የሚነሳው እነሱ ወዳዩበት አቅጣጫ ነው።

ይህን በጥቅስ ሳይሆን በሕመም ነው የተማርኩት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሌላ ሰፈር፣ ስሙን የማልጠራው ጂም ውስጥ "ክርንህን ክፈት፣ ክፈት!" እየተባልኩ ስሠራ ከረምኩ። ክርኔን ከፈትኩ፤ በወሩ ጃኬት ስለብስ ቀኝ ትከሻዬ ከፊት በኩል እንደ መርፌ ይወጋኝ ጀመር። ከታክሲ ጣሪያ ላይ ዕቃ ማውረድ አቃተኝ። አራት ወር ብረት ሳልነካ ቆየሁ። ኮልፌ የመጣሁትም ቤት ቀይሬ እንጂ ብረት ፈልጌ አልነበረም።

ትከሻ እንዲህ ቶሎ የሚቀየመው በአሠራሩ ነው። ዳሌን ብትመለከቱ የታፋ አጥንት ራስ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። የክንድ አጥንት ራስ ግን የተቀመጠበት ሳህን ከራሱ በጣም ያነሰና ጥልቀት የሌለው ነው። ጀበና ማቶት ላይ ሲቀመጥ አስቡት፦ ሆዱ ክብ፣ ማቶቷ ትንሽ። ጀበናው እንዳይገለበጥ ዙሪያውን ሰብስበው የያዙት አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ከላይ የሚታየው፣ ሸሚዝ የሚያስጠብበው ትልቁ የትከሻ ጡንቻ ገፊ ነው፤ አራቱ ያዦች ናቸው። ገፊው ሲሠለጥን ያዦቹ ከተረሱ፣ ወይም ጀበናው በተጣመመ መንገድ ከተገፋ፣ ቡናው ይደፋል።

ጋሼ ይገፋሉ። አሁን ዓይናችሁን ከብረቱ ላይ አንሡና ጀርባቸውን እዩ።

ክንድ ከጎን ተነሥቶ ከራስ በላይ እስኪደርስ 180 ዲግሪ ያህል ይጓዛል። ከዚህ ውስጥ 120ው ያህል ብቻ ነው የራሱ የመገጣጠሚያው። ቀሪውን 60 የሚሰጠው ከጀርባ ያለው ሰፊው አጥንት በጎድን አጥንት ላይ እየተንሸራተተና ወደ ላይ እየዞረ ነው። ሁለት ለአንድ። የጋሼ ካናቴራ ስስ ስለሆነ ይህ ዙረት በግልጽ ይታያል፦ ብረቱ ጆሯቸውን እንዳለፈ የአጥንቱ የታችኛው ጫፍ ከብብታቸው ሥር ወደ ጎን ወጣ ይላል፣ ሲወርድ ይመለሳል። ጎረምሳው ጋ ይህ የለም። ደረት ሲገፋ "ጀርባህን ቆልፍ" ተብሎ ተምሯል፤ ትክክልም ነው፣ ለደረት። እሱ ግን ሾልደርም ላይ ቆልፎታል። አጥንቱ አልዞር ሲለው የጎደለውን 60 ዲግሪ ከወገቡ ይበደራል።

የሚገርመኝ ይህ እንቅስቃሴ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው። እስክስታ የሚወርድ ሰው የሚያንቀሳቅሰው ይህንኑ አጥንት ነው፤ እጁ ወገቡ ላይ ቆሞ ትከሻው ብቻ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል። ጎንደርና ጎጃም ሠርግ ቤት ጥግ ላይ የተቀመጡ እናት ማን እንደሚችልበትና ማን እንደሚያስመስል በሁለት ምት ይለያሉ። ያን ዓይን ጂም ይዘነው አንገባም እንጂ ዳኝነቱ አለን።

ጋሼ ሁለት ዙር ተቀምጠው ሦስተኛውን ቆመው ነው የሚሠሩት። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር።

"የኔ ልጅ፣ ሥራ ላይ ማን ወንበር ይሰጠኛል?" አሉኝ።

መልሱ ካሰቡት በላይ ይሄዳል። በ2005 ዓ.ም የታተመ የኖርዌጃውያን ጥናት 15 ወንዶችን በዘንግና በደምቤል፣ ቆመውም ተቀምጠውም አሠርቶ ነበር። ቆሞ በደምቤል የሚነሳው ክብደት ከሁሉም አነስተኛው ሆኖ ተገኘ፤ የትከሻው ጡንቻ በብዛት የሠራው ደግሞ በዚያው ነበር። ትንሽ ኪሎ፣ ብዙ ሥራ። 14 ኪሎ አይቶ የሚስቅ ልጅ ይህን ቢያውቅ ምናልባት ድምፁን ይቀንሳል።

ሲቆሙ ጎድናቸውን እመለከታለሁ። አንድ ሰው ከራሱ በላይ የሚገፋው ሲከብደው የመጀመሪያው ማምለጫው ይህ ነው፦ የታችኛው የጎድን አጥንቱ ወደ ፊት ይከፈታል፣ ወገቡ ይቀሰታል፣ ደረቱ ጣሪያውን ያያል። ያኔ ሥራው ከትከሻ አልፎ የላይኛው ደረት ሆኗል፤ ሰውዬው ቆሞ ተጋድሟል ማለት ነው። ጋሼ መቀመጫቸውን ያጠብቃሉ፣ ጎድናቸውን ከዳሌያቸው ጋር እንደተዘጋ ሣጥን ይገጥማሉ። ስምንተኛው ላይ ፊታቸው ይቀላል፤ ሣጥኑ አይከፈትም።

ይህች ትንሽ የወገብ መቀሰት አንድ የኦሊምፒክ ውድድር አጥፍታለች። ሙኒክ ሲባል እኛ የምናነሳው ምሩጽ ይፍጠርንና ማሞ ወልዴን ነው፤ በ1964 ዓ.ም ክረምት ከ10 ሺህ ሜትርና ከማራቶን ሁለት ነሐስ ይዘው ተመለሱ፣ የምሩጽ 5 ሺህ ሜትር ማምለጥ ደግሞ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል። በዚያው ከተማ ክብደት ማንሳት የመጨረሻ የግፊ ውድድሩን አደረገ። ከ1920ው የአምስተርዳም ኦሊምፒክ ጀምሮ አንሺዎች የሚዳኙት በሦስት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ብረቱን ከትከሻ ወደ ላይ፣ ያለ እግር እርዳታ፣ በክንድ ብቻ መግፋት። ሕጉ ሰውነት ቀጥ ይበል ይላል። ኪሎው እየጨመረ ሲሄድ ግን አንሺዎቹ ወደኋላ መጋደም ጀመሩ፤ አንዱ ትንሽ፣ ሌላው ብዙ። ስንት ዲግሪ መጋደም ጥፋት እንደሆነ ዳኞች መስማማት አቃታቸው። የሶቪየቱ ቫሲሊ አሌክሴዬቭ ሙኒክ ላይ 235 ኪሎ ገፍቶ በአጠቃላይ 640 አስመዝግቦ ወርቁን ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ ግፊ ተሰረዘ። ዛሬ የቀሩት ሁለት ናቸው። ዳኛ ሊለካው ያልቻለውን ነገር ኮልፌ ውስጥ አንድ በያጅ በ14 ኪሎ ይዘውታል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ኮልፌ ሰውነት በማሠልጠን ጀማሪ አይደለችም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ነው። ስድስት ወር የታሰበለት ሥልጠና በስምንት ሳምንት ተቋርጦ ወደ አገሩ ተጠራ። በኋላ ሮበን ደሴት ታስሮ ሳለ በጠባብ ክፍሉ ውስጥ በጣቶቹ ጫፍ 100 ፑሽ አፕ ይሠራ እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። የጂሟ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ግን ስሙን የማላውቀው በቅባት የሚያብረቀርቅ ፈረንጅ ነው። ፎቶው ቢቀየር ቅር አይለኝም።

ወደ ጋሼ ልመለስ፤ የተሻለው ገና አልተነገረም። ብረቶቹ ወደ ላይ ሲሄዱ ጥቂት ወደ ውስጥ ይቀራረባሉ፣ ግን አይጋጩም። ጫፍ ላይ "ኳ!" የሚያደርግ ሰው ጡንቻውን አሳርፎ ብረቱን ነው ያስጨበጨበው። የእሳቸው ሁለት ደምቤሎች መሐል አንድ መዳፍ የሚያሳልፍ ክፍተት ይቀራል። ላይኛው ክንዳቸው ጆሯቸው አጠገብ ነው፤ አንገታቸው ግን ወደ ፊት አልተቀለሰም። ክርናቸው ይዘረጋል፣ አይፈነጠርም። እዚያ ላይ የዓይን ቅጽበት ያህል ይቆማሉ።

ከዚያ ያወርዳሉ። ሲወጣ አንድ የቆጠርኩት ሲወርድ ሦስት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ጂሟ ውስጥ ማንም አያያቸውም፤ የሰው ዓይን ብረት ሲወጣ ነው የሚከተለው። እኔ ግን ሰው በሚያወርድበት ነው የምፈርደው፤ መግፋትን ንዴትም ያግዘዋል፣ ማውረድን የሚያግዘው የለም። የመሬት ስበት የሚጎትተውን ብረት ጡንቻው እየተለጠጠ ሲከለክለው፣ ቱምቢው ሳይዛባ፣ ክርኑ ሳይከፈት፣ ሁለቱ ብረቶች እኩል ቁመት ላይ ሲወርዱ ውሃ ልክ ብታስቀምጡባቸው አረፋዋ መሐል ትቆማለች። ጆሮ አልፈው አገጭ ሥር ደረሱ። ትከሻ ላይ አርፈው አልተደላደሉም። ትንፋሽ። እንደገና።

ጎረምሳውን ለማማት አይደለም። ጠንካራ ልጅ ነው፤ ጽናቱም የሚደነቅ ነው። አንድ ማታ 24ቱን ስድስት ጊዜ ገፍቶ ሰባተኛው ላይ ግራ እጁ ወደኋላ ሲከዳው ጋሼ ከወንበራቸው ሳይሮጡ፣ ግን ሳይዘገዩ ደርሰው ከክርኑ ሥር በሁለት ጣት ደገፉት። አንጓውን አልያዙም፤ ክርኑን። "ነገ 16 ይዘህ ና" አሉት። በማግሥቱ 24 ይዞ ነበር። በሳምንቱ 20 ይዞ አየሁት፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ።

ዘንግ ሁለት እጅን አንድ ላይ ያስራል፤ የደከመው እጅ ከበረታው ጀርባ መደበቅ ይችላል። ደምቤል መደበቂያ የለውም። ለዚህ ነው ጋሼ የዛሬ ስድስት ወር ገደማ ያስተዋሉትን ነገር ማስተዋል የቻሉት። ቀኛቸው ሁልጊዜ ከግራቸው ቀድሞ ይደርስ ጀመር፤ በጣም ትንሽ፣ በእኔ ዓይን የማይታይ። ሌላ ሰው ቢሆን "ግራዬ ደክሟል" ብሎ ግራውን ለብቻው ያሠራ ነበር። እሳቸው ደምቤሎቹን አቀያየሯቸው። አሁን የሚቀድመው ግራው ሆነ። ጥፋቱ የትከሻቸው ሳይሆን የራሳቸው ብየዳ ነበር።

በበነጋው ሁለቱንም በላስቲክ ከተው ወፍጮ ቤት ወስደው ሚዛን ላይ አስቀመጡ። በነጭ ቀለም "14" የተጻፈባቸው ሁለት ብረቶች በ300 ግራም ይለያዩ ነበር። የቀለለውን ወደ ሱቃቸው ይዘው ሄዱና ከውስጠኛው ገጹ፣ እጅ ከማይነካበት፣ ዙሪያውን በኤሌክትሮድ እያንጠባጠቡ ሞሉት፤ መዘኑት፤ ጨመሩ፤ መዘኑት፤ ትንሽ በዛ፣ ሞረዱት። ብየዳውን ባለፈው ሳምንት በጣቴ ዳስሼዋለሁ፤ እንደ ቀለበት የተስተካከለ ነው። ቀለም ስለተቀባ አይታይም።

እኔም አላመንኩምና ወፍጮ ቤት ይዣቸው ሄጄ ነበር። 14 ኪሎ ከ100 ግራም፤ ሁለቱም።